ምዕራፍ አሥራ ሁለት፦ ገንዘብና እምነት

የዚህ ምዕራፍ ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ስለ ክሪፕቶ ገንዘብ መስፋፋት የተጻፈውን ምንባብ አንብባችሁ ፍሬ ነገሩን እንድትለዩ ነው። ሁለተኛው፣ ሁለት ወገን ያለውን ጉዳይ በሚዛን አስቀምጣችሁ ለመጻፍ የሚረዷችሁን መስተፃምሮችና የግሥ ጊዜያት በትክክል እንድትጠቀሙባቸው ነው። በምዕራፉ ውስጥ የተጠቀሱት ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ከማንበባችሁ በፊት

በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ከክፍል ጓደኞቻችሁ ጋር ተወያዩ።

1. የመቶ ብር ኖት ራሱ የሚበላ ወይም የሚለበስ ነገር አይደለም። ታዲያ ባለሱቁ እህሉን ሰጥቶ ወረቀቱን የሚቀበለው ለምንድን ነው?
2. አሞሌ ጨውና ጠገራ ብር በአገራችን ለመገበያያ ያገለግሉ ነበር። ሰዎች እነዚህን ነገሮች በገንዘብነት የተቀበሏቸው በምን ምክንያት ይመስላችኋል?
3. በአንድ ዕቁብ ውስጥ መዝገቡን የሚይዘው ጸሐፊ ቢሳሳት ወይም ቢያታልል፣ ስሕተቱ በምን ሊታወቅ ይችላል?

ለ. ምንባብ

ሕግ ያዘዘው፣ ገበያ የመዘነው

ገንዘብ ከሌላው ዕቃ የሚለየው በእምነት ላይ የቆመ በመሆኑ ነው። ባለሱቁ ብሩን የሚቀበለው፣ ነገ ሌላ ሰው ከእሱ እንደሚቀበለው ስለሚያምን ነው። ያም ሰው የሚቀበለው፣ ሦስተኛው ሰው እንደሚቀበለው ስለሚያምን ነው። ይህን እምነት ብዙውን ጊዜ የሚጠብቁት መንግሥትና ባንክ ናቸው። መንግሥት ገንዘቡን ያትማል፤ ባንክ ደግሞ ማን ለማን ምን ያህል እንደ ከፈለ በመዝገቡ ይይዛል። በ2008 ግን፣ ታላላቅ ባንኮች በወደቁበትና ዓለም በገንዘብ ቀውስ በታወከበት ዓመት፣ ይህን ልማድ የሚፈታተን አንድ ሐሳብ ብቅ አለ።

በዚያ ዓመት በኦክቶበር 31 ቀን፣ ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የቀረበ የዘጠኝ ገጽ ጽሑፍ ወጣ። የስሙ ባለቤት ማን እንደሆነ እስካሁን በማስረጃ አልተረጋገጠም። የጽሑፉ ፍሬ ሐሳብ፣ ሁለት ሰዎች በመካከላቸው ባንክ ሳይገባ በኮምፒዩተር መረብ ገንዘብ ሊላላኩ ይችላሉ የሚል ነው። በጃንዋሪ 2009 ሐሳቡ በሥራ ላይ ዋለ፤ ገንዘቡም ቢትኮይን ተባለ። ጠቅላላ ብዛቱ ከ21 ሚሊዮን እንዳይበልጥ ከመነሻው ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ በተመሳሳይ መንገድ የተፈጠሩት ገንዘቦች ሁሉ ክሪፕቶ ገንዘብ በሚል የወል ስም ይጠራሉ።

የሥራውን አካሄድ ለመረዳት አንድ ዕቁብ በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። በተለመደው ዕቁብ መዝገቡ አንድ ነው፤ የሚይዘውም ጸሐፊው ነው። አባላቱ ሁሉ በጸሐፊው ታማኝነት ይመካሉ። አሁን ደግሞ እያንዳንዱ አባል የመዝገቡን ግልባጭ በቤቱ ቢይዝ፣ ክፍያ በተደረገ ቁጥርም ሁሉም በየመዝገቡ ቢጽፈው ምን ይሆናል? አንዱ ተደብቆ ቁጥር ቢፍቅ የሌሎቹ መዝገብ ያጋልጠዋል። ብሎክቼይን የሚባለው እንደዚህ ያለ መዝገብ ነው። በቢትኮይን መዝገብ ላይ በአማካይ በየ10 ደቂቃው አንድ አዲስ ገጽ ይጨመራል። እያንዳንዱ ገጽ ከቀደመው ገጽ የተወሰደ ምልክት ስለሚይዝ፣ ያለፈውን ገጽ ለመለወጥ የሚፈልግ ሰው ከዚያ በኋላ የተጻፉትን ገጾች ሁሉ እንደገና መሥራት ይኖርበታል። አዲስ ገጽ ለመጨመር ብዙ ኮምፒዩተሮች ይወዳደራሉ፤ በውድድሩም እጅግ ብዙ የኤሌክትሪክ ኃይል ይጠፋል። ላሸነፈው አዲስ ቢትኮይን ይሰጠዋል። መዝገቡ ለሁሉ ክፍት ስለሆነ ማንም ሊያነበው ይችላል። ይሁን እንጂ በመዝገቡ ላይ የሚታየው የሰው ስም ሳይሆን የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው።

እንዲህ ያለው መዝገብ የተጻፈውን ይጠብቃል እንጂ ባለገንዘቡን ከመታለል አያድነውም። የምስጢር ቁልፉን ያጣ ወይም ገንዘቡን ለአታላይ የላከ ሰው፣ «መልሱልኝ» ብሎ አቤት የሚልበት የባንክ ሥራ አስኪያጅ የለም። ዋጋውም አይረጋም። በሜይ 22 ቀን 2010 አንድ የፍሎሪዳ ነዋሪ ሁለት ፒዛ ለማግኘት 10,000 ቢትኮይን ከፍሎ ነበር። በኖቬምበር 2021 የአንዱ ቢትኮይን ዋጋ 69,000 ዶላር ገደማ ደረሰ። ልክ ከዓመት በኋላ ከ17,000 ዶላር በታች ወረደ። በዲሴምበር 2024 ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ100,000 ዶላር በላይ ሆነ። እንዲህ ያለው መውጣትና መውረድ ትርፍ ገንዘብ ላለው ሰው ዕድል ሊሆን ይችላል፤ በወር ደመወዝ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሰው ግን ሥጋት ነው።

ይህ ገንዘብ በአገር ደረጃ የተፈተነው በመካከለኛው አሜሪካ በምትገኘው በኤል ሳልቫዶር ነው። ኤል ሳልቫዶር ስድስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት ትንሽ አገር ናት። ከ2001 ጀምሮ በአሜሪካ ዶላር ትገበያያለች። ከልጆቿ ብዙዎቹ አሜሪካ ውስጥ እየሠሩ ለቤተሰቦቻቸው ገንዘብ ይልካሉ። ሕጉ በወጣበት ጊዜ ይህ ሐዋላ ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት አንድ አምስተኛውን ይበልጥ ነበር፤ ከሕዝቡም አብዛኛው የባንክ ደብተር አልነበረውም።

ፕሬዚዳንት ናይብ ቡኬሌ በጁን 2021 ያቀረቡት ሐሳብ በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ የተመሠረተ ነበር። ቢትኮይን ሕጋዊ መገበያያ ቢሆን ሐዋላ በአነስተኛ ወጪ እንደሚመጣ፣ የባንክ ደብተር የሌለውም ሰው በእጅ ስልኩ እንደሚገበያይ ተነገረ። ምክር ቤቱ ካሉት 84 አባላት በ62ቱ ድምፅ ሕጉን በአንድ ሌሊት አጸደቀው። ሕጉ በሴፕቴምበር 7 ቀን 2021 ሥራ ላይ ሲውል፣ ኤል ሳልቫዶር ቢትኮይንን ሕጋዊ መገበያያ ያደረገች የመጀመሪያዋ አገር ሆነች። የሕጉ 7ኛ አንቀጽ፣ «በቢትኮይን ልክፈል» የሚል ገዢ ሲመጣ ነጋዴው እንዲቀበለው ያዝዝ ነበር። መንግሥትም ቺቮ የተባለ የስልክ ቦርሳ አዘጋጅቶ፣ ለተመዘገበው ዜጋ ሁሉ ዋጋው 30 ዶላር የሆነ ቢትኮይን በስጦታ ሰጠ። ቢትኮይኑን ወደ ዶላር ለመመንዘሪያም 150 ሚሊዮን ዶላር መደበ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ሕጉ ሥራ ላይ በዋለበት ዕለት ቺቮ ለተወሰኑ ሰዓታት ተቋረጠ፤ የቢትኮይንም ዋጋ በዚያው ዕለት ከመቶ አሥር እጅ ያህል ወረደ። ቆየት ብሎ ተመራማሪዎች 1,800 ቤተሰቦችን ጠየቁ። ባገኙት ማስረጃ መሠረት፣ ቺቮን በስልካቸው ከጫኑት ሰዎች አብዛኞቹ የስጦታውን ገንዘብ ካጠፉ በኋላ ተመልሰው አልተገበያዩበትም። ምክንያታቸውን ሲጠየቁ፣ ጥሬ ገንዘብ እንደሚመርጡና በአዲሱ አሠራር እንደማይተማመኑ ተናገሩ። በ2022 ወደ አገሪቱ ከገባው ሐዋላ በክሪፕቶ ቦርሳ የተላከው ከመቶ ሁለት እጅ አልሞላም።

በዲሴምበር 2024 ኤል ሳልቫዶር ከዓለም አቀፍ የገንዘብ ድርጅት ጋር የ1.4 ቢሊዮን ዶላር የብድር ስምምነት ላይ ደረሰች። በስምምነቱ መሠረት ምክር ቤቱ በጃንዋሪ 2025 ሕጉን አሻሻለ። ነጋዴው ቢትኮይንን የመቀበል ግዴታው ቀርቶ በፈቃዱ እንዲሆን ተደረገ፤ ግብርንም በቢትኮይን መክፈል ቀረ። በሌላ በኩል መንግሥት በዚያው ዓመት ከ6,000 በላይ ቢትኮይን በእጁ ነበረው። የቢትኮይን ዋጋ ከፍ በማለቱም ደጋፊዎቹ ግዢው አትራፊ እንደነበረ ተከራከሩ። እንግዲህ ገንዘቡ በመንግሥት ግምጃ ቤት ተቀመጠ፤ ወደ ገበያተኛዋ መቀነት ግን አልገባም።

ይህ ሲባል ክሪፕቶ ገንዘብ ከዓለም ገበያ ወጣ ማለት አይደለም፤ በሌላ በር ገባ እንጂ። በጃንዋሪ 2024 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ቢትኮይን ገዝተው የሚይዙ ፈንዶች ድርሻቸውን በአክሲዮን ገበያ እንዲሸጡ ፈቀደ። የአውሮፓ ኅብረት ስለ ክሪፕቶ ሀብት ያወጣው ደንብ በዲሴምበር 2024 በሙሉ ሥራ ላይ ዋለ። በጁላይ 2025 ደግሞ አሜሪካ ዋጋቸው ከዶላር ጋር ስለ ታሰረ ክሪፕቶ ገንዘቦች ሕግ አወጣች። ይህ ሕግ ገንዘቡን የሚያወጣው ድርጅት ተመጣጣኝ መጠባበቂያ እንዲይዝ ያስገድዳል። እነዚህ ሁሉ አንድ ነገር ያሳያሉ። ባንክ እንዳያስፈልግ ተብሎ የተፈጠረው ገንዘብ ይበልጥ የተስፋፋው በገንዘብ ተቋማት እጅና በመንግሥት ሕግ ሥር ሲገባ ነው። ከያዙትም ብዙዎቹ የያዙት ዳቦ ሊገዙበት ሳይሆን፣ ዋጋው ይጨምራል ብለው ሊያስቀምጡት ነው።

ጉዳዩ ለአገራችንም ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2022 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ የአገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑንና ያለ ፈቃድ በክሪፕቶ ገንዘብ መክፈል ሕገ ወጥ መሆኑን አሳሰበ። በ2024 ደግሞ ቢትኮይን የሚያመርቱ የውጭ ኩባንያዎች ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል የመብራት ኃይል ይገዙ፣ ሒሳቡንም በውጭ ምንዛሪ ይከፍሉ ነበር። ስለዚህ በገበያችን በቢትኮይን ዕቃ ባይገዛም፣ ቢትኮይኑ ራሱ ከወንዞቻችን በሚገኘው ኃይል ይመረት ነበር።

ከኤል ሳልቫዶር ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ይህ ነው። ሕግ «ተቀበሉ» ብሎ ሊያዝዝ ይችላል፤ «እመኑ» ብሎ ግን ሊያዝዝ አይችልም። እምነት በየቀኑ ግብይት ቀስ በቀስ ይገነባል። ኮምፒዩተር መዝገቡን ከመፋቅ ቢጠብቀውም፣ የቀን ሠራተኛው የዛሬ ደመወዙ ለነገ ዳቦ እንደሚበቃው ካላመነ፣ በእሱ ዘንድ ያ መዝገብ ገንዘብ አልሆነም።

ሐ. የቃላት ፍች

የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ ያላቸው ፍች ከጎናቸው ተሰጥቷል። እያንዳንዱን ቃል በማስገባት የራሳችሁን ዓረፍተ ነገር ሥሩ።

1. ሐዋላ፦ በሩቅ ያለ ሰው በሌላ እጅ ወይም በድርጅት በኩል የሚልከው ገንዘብ
2. ግልባጭ፦ ከዋናው ጽሑፍ ጋር አንድ ሆኖ የተቀዳ ጽሑፍ
3. መመንዘር፦ አንዱን ገንዘብ በሌላ ገንዘብ መለወጥ
4. ሕጋዊ መገበያያ፦ ለዕቃና ለዕዳ መክፈያ እንዲያገለግል በሕግ የተወሰነ ገንዘብ
5. መጠባበቂያ፦ ለክፉ ቀን ወይም ለተጠየቁበት ጊዜ የሚቀመጥ ሀብት

መ. የግንዛቤ ጥያቄዎች

1. ጸሐፊው ብሎክቼይንን ከዕቁብ መዝገብ ጋር ያነጻጸረው ለምንድን ነው? ንጽጽሩ የማይሠራበት ነገር ካለ ግለጹ።
2. የኤል ሳልቫዶር መንግሥት ሕጉን ለማውጣት የሰጣቸው ሁለት ምክንያቶች ምንና ምን ናቸው?
3. የሰዎቹ ቺቮን በስልክ መጫን ብቻውን ገንዘቡ ተቀባይነት ማግኘቱን ያስረዳልን? መልሳችሁን ከምንባቡ በተገኘ ማስረጃ ደግፉ።
4. «ወደ ገበያተኛዋ መቀነት ግን አልገባም» የሚለው አነጋገር ምን ማለት ነው?
5. የምንባቡ ኃይለ ቃል በየትኛው አንቀጽ ይገኛል? ዓረፍተ ነገሩን አውጥታችሁ ጻፉ።

ሠ. ሰዋስው

1. ሐሳብን የሚያቃርኑ መስተፃምሮች

ሁለት የማይስማሙ ሐሳቦችን በአንድነት ለመግለጽ ስንፈልግ «ምንም እንኳ»፣ «ነገር ግን»፣ «ሆኖም»፣ «ይሁን እንጂ» በሚሉት መስተፃምሮች እንጠቀማለን። አገልግሎታቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የሚከተሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

ሀ) ምንም እንኳ የቢትኮይን ዋጋ ቢወጣም፣ ሕዝቡ በዶላር መገበያየቱን አልተወም።
ለ) ምንም እንኳ ሕዝቡ በዶላር መገበያየቱን ባይተውም፣ የቢትኮይን ዋጋ ወጣ።

በሁለቱም ውስጥ ያለው ማስረጃ አንድ ነው፤ የሚሰጡት ፍርድ ግን የተለያየ ነው። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጽ የሚመጣው በመጨረሻ ስለሆነ፣ የዓረፍተ ነገሩ ክብደት የሚያርፈው በመጨረሻው ሐሳብ ላይ ነው። በ«ሀ» ውስጥ የሚከብደው የሕዝቡ አቋም ነው፤ በ«ለ» ውስጥ ግን የዋጋው መውጣት ነው። አንድን ጽሑፍ ስታነቡ ጸሐፊው የትኛውን ሐሳብ በ«ቢ...ም» አስሮ ወደ ኋላ እንዳለው፣ የትኛውንስ በማሰሪያ አንቀጽ እንዳጸናው መርምሩ። የጸሐፊው ዝንባሌ ከዚያ ይታወቃል።

«ምንም እንኳ» ሲገባ በሚከተለው ግሥ መጨረሻ ላይ «ም» መቅረት የለባትም። ስለዚህ «ምንም እንኳ ሕጉ ቢወጣ» ብሎ መጻፍ ጎደሎ ነው፤ «ምንም እንኳ ሕጉ ቢወጣም» መባል አለበት። «ነገር ግን»፣ «ሆኖም» እና «ይሁን እንጂ» ደግሞ የተፈጸመ ሐሳብን ከሌላ የተፈጸመ ሐሳብ ጋር ያያይዛሉ። ከሦስቱ አንዱ ስለሚበቃ፣ «ነገር ግን ሆኖም» እያሉ መደራረብ አያስፈልግም።

2. ኃላፊ ጊዜና ትንቢት

የሚከተሉትን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ተመልከቱ።

ሀ) ዋጋው ጨምሯል።
ለ) ዋጋው ይጨምራል።
ሐ) ዋጋው ሊጨምር ይችላል።

«ጨምሯል» የተፈጸመን ነገር ስለሚናገር በመዝገብ ተመሳክሮ እውነት ወይም ሐሰት መሆኑ ሊታወቅ ይችላል። «ይጨምራል» ግን ገና ያልሆነን ነገር እንደ ተረጋገጠ አድርጎ ይናገራል፤ ለምስክርነት የሚጠራ መዝገብ የለውም። «ሊጨምር ይችላል» የሚለው የተናጋሪውን ግምት በልኩ ያስቀምጣል፤ ሊቀንስም እንደሚችል አይክድም። አታላዮች ብዙውን ጊዜ ከ«ሀ» ተነሥተው፣ ምንም ማስረጃ ሳይጨምሩ ወደ «ለ» ይሻገራሉ። «ትናንት ጨምሯል፤ ስለዚህ ነገ ይጨምራል» ይላሉ። የመጀመሪያው እውነት ስለሆነ ሁለተኛውም እውነት ይመስላል። ስለዚህ በዚህ ረገድ የግሥ ጊዜን መለየት የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የቤተሰብን ጥሪት ከመጥፋት ሊያድን ይችላል።

መልመጃ 1፦ የሚከተሉትን ጥንድ ዓረፍተ ነገሮች «ምንም እንኳ ... ም» በሚለው አያይዙ። እያንዳንዱን ጥንድ በሁለት መንገድ ጻፉና የክብደቱን ልዩነት አስረዱ።

1. መዝገቡ ለሁሉ ክፍት ነው። የባለቤቱ ስም አይታይም።
2. መንግሥት ለዜጎች ስጦታ ሰጠ። ብዙዎቹ በቺቮ መገበያየት አልቀጠሉም።
3. የሐዋላው ወጪ ሊቀንስ ይችላል። የገንዘቡ ዋጋ አይረጋም።

መልመጃ 2፦ ከሚከተሉት ውስጥ በማስረጃ የሚረጋገጠውን «እውነታ»፣ የተናጋሪውን ፍርድ ወይም ግምት «አስተያየት» በማለት ለዩ። ምክንያታችሁንም ተናገሩ።

1. የኤል ሳልቫዶር ሕግ በጃንዋሪ 2025 ተሻሽሏል።
2. ቢትኮይን የወደፊቱ ዓለም ብቸኛ ገንዘብ ይሆናል።
3. ክሪፕቶ ገንዘብ ለድሃ አገር አይበጅም።
4. የቢትኮይን ብዛት ከ21 ሚሊዮን እንዳይበልጥ ተወስኗል።

ረ. ድርሰት

ሁለት ወገን ያለውን ጉዳይ የሚመረምር ድርሰት ማመዛዘኛ ድርሰት ይባላል። ጸሐፊው እንደ ዳኛ ነው፤ ሁለቱንም ወገን ሳይሰማ አይፈርድም። ከሰማ በኋላ ግን ፍርድ ሳይሰጥ መነሣት የለበትም። እንዲህ ያለውን ድርሰት ስትጽፉ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ጠብቁ።

በመጀመሪያው አንቀጽ ጉዳዩን ግለጹ፤ አንባቢው የማያውቀው ቃል ካለም ፍቱለት። በሁለተኛው አንቀጽ እናንተ የማትደግፉትን ወገን ሐሳብ፣ ባለቤቱ ራሱ ቢያነበው «በእርግጥ ያልኩት ይህንኑ ነው» እንዲል አድርጋችሁ አቅርቡ። ይህ ከሁሉ ይከብዳል፤ የድርሰታችሁም ታማኝነት የሚለካው በዚህ ነው። በሦስተኛው አንቀጽ የምትደግፉትን ሐሳብ ከነማስረጃው ጻፉ። በመጨረሻው አንቀጽ የትኛው እንደሚያመዝን ወስኑ፤ ምን አዲስ ማስረጃ ቢገኝ ሐሳባችሁን እንደምትለውጡም አመልክቱ።

ለምሳሌ ያህል የሚከተለውን አንቀጽ አንብቡ።

«የሕጉ ደጋፊዎች ያነሡት ችግር እውነተኛ ነበር። ወንድሟ ከሩቅ አገር የላከላት ገንዘብ ለአገልግሎት እየተቀነሰ የሚደርሳት እናት፣ ወጪው እንዲቀንስላት መመኘቷ ተገቢ ነው። የባንክ ደብተር የሌለውም ሰው ከግብይት ውጭ መሆን የለበትም። ይሁን እንጂ ችግሩ እውነተኛ መሆኑ መፍትሔው ትክክለኛ መሆኑን አያረጋግጥም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ በአንድ ሌሊት የጸደቀው ሕግ ከአራት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ መሻሻል ግድ ሆነበት።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ በአክብሮት ያቀርባሉ። «ይሁን እንጂ» የሚለው መስተፃምር መታጠፊያው ነው። ከእሱ በኋላ የሚመጣው የጸሐፊው ፍርድ ነው።

መልመጃ 3፦ ከሚከተሉት ርእሶች አንዱን መርጣችሁ፣ አራት አንቀጽ ያለው ማመዛዘኛ ድርሰት ጻፉ።

1. አንድን ገንዘብ ገንዘብ የሚያደርገው የመንግሥት ሕግ ነው ወይስ የሕዝብ እምነት?
2. የአገር የኤሌክትሪክ ኃይል ለቢትኮይን አምራቾች መሸጡ ጥቅሙ ያመዝናል ወይስ ጉዳቱ?
3. አንድ ሰው አጎታችሁን «ያጠራቀሙትን ገንዘብ ይስጡኝ፤ በክሪፕቶ ገንዘብ በወር እጥፍ አደርግልዎታለሁ» አላቸው እንበል። ከመወሰናቸው በፊት ምን ምን መጠየቅ እንዳለባቸው የሚያስረዳ ደብዳቤ ጻፉላቸው። ለታላቅ የሚገባውን የአክብሮት አጻጻፍ አትርሱ።

ድርሰታችሁን ለመምህራችሁ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ድምፃችሁን አሰምታችሁ አንብቡት። በትንቢት የጻፋችሁት ግሥ ሁሉ በእርግጥ የምታውቁት ነገር ነው? ካልሆነ «ሊሆን ይችላል» በሉ። የማትደግፉትን ሐሳብስ ባለቤቱ በሚቀበለው መንገድ አቅርባችኋልን? ለሁለቱም ጥያቄዎች «አዎን» ለማለት ስትችሉ ድርሰታችሁ ለመታረም ደርሷል።